የሸረፋ የካምቢዮ ዘይት

ቡታጅራ፣ ሰኔ 6 ቀን 1964 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ ሳኒ፤ ባለህበት አላህ ይጠብቅህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ትናንት ሰማዩ በደመና ጠቁሮ ነበር የዋለው፤ ግቢው ውስጥ እኔና ባለቤቴ ሸረፋ ብቻ ነበርን። የላክህልንን መኪና የካምቢዮ ዘይት ስንቀይር አንጀቴን አሳረረው። የወጣው ዘይት ከሰል መስሎ፣ እሱ «እንደ አዲሱ ገና ቀይ ነው፤ በከንቱ አስቀየርሽኝ» ይላል። አዲሱን ከቀዳዳው ውጭ መሬት ላይ አፈሰሰው። ስጮህበት «ፀሐዩ ዓይኔን አጭበረበረኝ» አለ። በርበሬ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ «የካምቢዮ ዘይት ሞተሩ እየሠራ ይለካ» የሚለውን ባነብለት፣ «መካኒክ ነው እንዴ ያገባሁት?» ብሎ ሳቀብኝ። በዚህ ዓይኑ ሐሙስ ሰው ጭኖ ቡኢ ሊሄድ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሞተሩን አስነስቼ ዘይቱን ራሴ ሞላሁና ለካሁ። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ የቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ቀበርኩት።

የልጆችህን ዓይን ሳምልኝ።

እህትህ ሰፍያ