አቶ ወልደሩፋኤል ኃይለ ማርያም እና የበዓሉ አቡጄዲ

አቶ ወልደሩፋኤል ኃይለ ማርያም ከአባታቸው ከመሪጌታ ኃይለ ማርያም አሻግሬ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸጋዬ በ1914 ዓ.ም. ከአቀስታ ወጣ ብሎ በሚገኝ የደጋ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ልጃቸውን መምህር ለማድረግ ብዙ ደክመዋል። አቶ ወልደሩፋኤል ግን ዳዊት ደግመው ጾመ ድጓ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ከብራናው ይልቅ በካህናቱ ካባ ስፌት ላይ ያርፍ ነበርና፣ በሃያ ዓመታቸው መካነ ሰላም ገብተው የልብስ ስፌት ሙያ ተማሩ። በ1940 ዓ.ም. የራሳቸውን የስፌት መኪና ገዝተው በገበያው መግቢያ ካለች በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ከሰባት ወር በስተቀር ከዚያች በረንዳ አርባ ዓመት አልተነሡም።

በ1943 ዓ.ም. ከወይዘሮ በለጥሻቸው ጋር በሥርዓተ ቁርባን ተጋብተው የዓለምዘርፍን፣ አካሉንና ብርሀንነሽን ወለዱ። ይህን የጻፍነውም እኛ ሦስታችን ነን።

መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ስለሚሠሩ ብዙ አይናገሩም ነበር። መርፌውን አውጥተው ጨርቁ ላይ ከሰኩት ግን ደንበኛው ሁሉ አንድ ነገር ሊመጣ መሆኑን ያውቃል። የ1967ቱን የመሬት አዋጅ በእልልታ የተቀበሉ ሰው ነበሩ፤ የባለቤታቸው ወንድሞች ከጭሰኝነት የወጡት በእርሱ ነውና የቀበሌያችንን የመጀመሪያ ባንዲራ ያለ ክፍያ ሰፍተዋል። በኋላ ግን ገበሬው ዘሩን ሳይቀር ለኮታ ሲያስረክብ፣ ስብሰባ በእሑድ ቅዳሴ ሰዓት ሲጠራ፣ የቀበሌው ሱቅ ስኳር በጓሮ በር ሲወጣ ያዩትን ተናገሩ። እናታችን ማታ ማታ «አንተ ሰውዬ፣ ልጆች አሉህ» ይሏቸው ነበር። እርሳቸውም እሺ ይሉና በማግሥቱ መርፌውን ያወጡታል።

ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሙቱን በአንድነት የሚቀብርበት የሰፈራችን ቅሬ ለአሥራ አራት ዓመት ዳኛው አድርጓቸዋል።

በነሐሴ 1976 ዓ.ም. ከበሽሎ ቆላ የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ ከተማችን መጥተው በገበያው ዳስ ሥር ተኙ። በስብሰባ ላይ «የዝናብ እጥረት» እንጂ ረሀብ አይባልም ነበር። የመጀመሪያዋ ሴት ስትሞት ስሟን የሚያውቅ አልነበረም። ቅሬው የሚቀብረው አባሉን ነው፤ እርሷ ደግሞ የማንም አባል አልነበረችም። አቶ ወልደሩፋኤል ቤት ገብተው ሳጥናቸውን ከፈቱና እናታችን ለእርሳቸው ፈትለው ያስቀመጡትን መግነዝ አውጥተው አለበሷት። በማግሥቱ ሁለት ሞቱ።

በዚያው ሳምንት የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ብዙነህ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል መፈክር የሚጻፍበትን ነጭ አቡጄዲ፣ አራት ጣቃ፣ እንዲሰፉት አስረከቧቸው። አባታችን በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «በዓሉ ይከበር፣ አልጠላሁም። ግን እዚህ ላይ የምንጽፈውን ያነባል የምንለው ሰው ዳሱ ሥር ራቁቱን ወድቋል። እርሱን እናስቀድም።» ጓድ ብዙነህ «የተሰጠዎትን ይስፉ» ብለው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።

ሁለቱን ጣቃ እንደታዘዙት ሰፉ። ሁለቱን ለመግነዝ ቀደዱ። በረንዳውን የሚጋሯቸው ልብስ ሰፊ አቶ አህመድ ይህን ሲያዩ ደንግጠው «ወንድሜ፣ ይህ ጨርቅ ያስገድልሃል» አሏቸው። «እነዚህንስ ምን ገደላቸው?» አሉ አባታችን። አቶ አህመድ መቀሳቸውን ይዘው አጠገባቸው ተቀመጡ። ዐሥራ አንድ ሰው ለብሶ ተቀበረ፤ ማተብ ያለው በቤተ ክርስቲያን፣ ሙስሊሙ በመካነ መቃብሩ።

በበዓሉ ዕለት ሁለቱ ጣቃ አደባባይ ላይ ተዘርግተው ሁላችንም አየናቸው። በዓሉ አልፎ ሲወርዱ ግን ዕቃ ቤት አልገቡም፤ የት እንደደረሱም አልታወቀም። አቶ ወልደሩፋኤል ተጠርተው ሲጠየቁ «ሁለቱን ወስጃለሁ፤ የለበሱትንም አውቃቸዋለሁ። የተሰቀሉትን ግን አልነካሁም» አሉ። አራቱም በስማቸው ተጻፈ። «የሕዝብን ሀብት የዘረፈ» የሚል ወረቀት በቀበሌው ሰሌዳ ተለጠፈ፤ ከቅሬ ዳኝነታቸው ተሻሩ፤ ሰባት ወር ታሰሩ። አቶ አህመድ በየሳምንቱ ስንቅ እያደረሱ «አብሽር፣ አላህ አይቷል» ይሏቸው ነበር።

ከእስር ከወጡ በኋላ እስራቱን አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም። የሚያንገበግባቸው «ሌባ» መባላቸው ነበር። አርባ ዓመት የሰው ጨርቅ ተረክበው ቅዳጁን እንኳ ጠቅልለው የሚመልሱ ሰው ነበሩ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ስማቸው እንዲታረም ማመልከቻ ጻፉ። በየዓመቱም የተሰቀለውን ጨርቅ መጀመሪያ ያምጡ ተባሉ። አባታችንን የጎዳቸው ይህ ነው፤ እኛም አልረሳነውም።

ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ በሳንባ ሕመም ደሴ ድረስ ሄደው ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 9 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ከባለቤታቸው፣ ከእኛ ከሦስት ልጆቻቸውና ከአምስት የልጅ ልጆቻቸው ተለይተዋል።

ሳጥናቸው ሲከፈት መግነዝ አልነበረውም። ከሱቅም ጨርቅ አልተገኘም። ይህ ሲሰማ ጎረቤቱ ሁሉ፣ አንዱ ክንድ አንዱ ሁለት ክንድ፣ ከየቤቱ ይዞ መጣ። አቶ አህመድ እያለቀሱ በእጃቸው ገጣጥመው ሰፉት። ከጓድ ብዙነህ ቤትም ባለቤታቸው ወይዘሮ ንግሥቴ፣ ደግ ሴት ናቸው፣ ታጥቦ የታጠፈ ሰፋ ያለ ነጭ አቡጄዲ አመጡልን። አቶ አህመድ ሲዘረጉት እጃቸው ቆመ። ጠርዙ ላይ ያለው ስፌት የአባታችን ነበር። መሐሉ ላይ «አሥረኛው» የሚለው ቀይ ጽሕፈት ደብዝዞ ይነበባል።

ወንድማችን አካሉ ጨርቁን ይዞ ወደ ቀበሌ ሊሄድ ተነሣ። እናታችን ከለከሉት። «በደረቱ በኩል ይሰፋ፤ ፊደሉ ወደ ውስጥ ይዙር፤ ንግሥቴን አታሳፍሯት» አሉ። እንዳሉት ተደረገ፤ አባታችን ለብሰውት ከፊታችሁ ናቸው። ይህን ከመጻፍ ግን እናታችን አልከለከሉንም።

የራቁቱን ገላ የሸፈኑትን አባታችንን እግዚአብሔር በምሕረቱ ይሸፍናቸው፤ ነፍሳቸውን ስም ካልነበራቸው ከዐሥራ አንዱ ጋር ያኑርልን። አሜን።