ወረቀቱ ተልጦ የተሸጠው ስቶቭ

ለእሑድ ገበያ ሥርዓት ማስያዣ ጽሕፈት ቤት
ክቡር ኃላፊ
ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ

ግንቦት 2011 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ስምዎን ከማዕረግዎ ጋር አለመጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። በርዎ ላይ የተለጠፈው ስም ከሁለት ዓመት በፊት የተዛወሩት ኃላፊ ስም መሆኑን ጥበቃው ስለነገረኝ፣ በሌላ ሰው ስም ጠርቼ እንዳላስቀይምዎ ብዬ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ በተለይ ለጉልበትዎ። ስድስት ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቼ ስድስቱንም ጊዜ «አሁን ገና ወጡ» ተብያለሁና፣ ያን ያህል የሚወጣና የሚወርድ ሰው ጉልበቱ ካልተጠበቀ የሚጎዳው አገር ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ፎቁም ለመድኩት።

ከሪማ ዘይኑዲን እባላለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከፈረሱት ቤቶች ጀርባ ባለው ክፍት ቦታ ላይ ሸራ አንጥፌ ያገለገለ የቤት ዕቃ እሸጣለሁ። በአዘቦት ቀን ደግሞ ልጄ ሐናን የዕቃዎቹን ፎቶ እያነሳች በፌስቡክና በቴሌግራም ትለጥፍልኛለች። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ብፌያቸው ደረጃው ላይ አልዞር ያላቸው ሰዎች ያውቁኛል። ከመስቀል አደባባይ ሩጫቸውን ጨርሰው ሲመለሱ፣ ላባቸውን እየጠረጉ ካውያ የሚያገላብጡትም ያውቁኛል። እርስዎ ግን ዕቃዬን እንጂ እኔን ለማወቅ ጊዜ ስላላገኙ፣ ስለ አሻሻጤ ትንሽ ላስረዳዎት።

አባቴ ከወሎ መጥተው እኛን ያሳደጉት «ቁራሌው!» እያሉ በየመንደሩ በመዞር ነው። ያወረሱኝ ሀብት የለም፤ ያወረሱኝ አንድ ልማድ ነው። ዕቃ ስትሸጪ ከዋጋው በፊት ነውሩን ተናገሪ ይሉኝ ነበር፤ ነውሩ ያልተነገረ ዕቃ ገንዘቡ ኪስ ይገባል እንጂ ቤት አይገባም። ስለዚህ እኔ ከምሸጠው ዕቃ ሁሉ ላይ ነውሩን ጽፌ እለጥፋለሁ። «ይህ ራዲዮ ካልመቱት አይናገርም።» «የዚህ ፍሪጅ በር በጉልበት ካልተገፋ አይዘጋም።» «ይህ ሰዓት በቀን ሩብ ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፤ ለመሥሪያ ቤት ይስማማል።» ይህችን የመጨረሻዋን መጻፍ አልነበረብኝም፤ ጥፋቴን አምናለሁ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። ቁጥር የሰጠሁት ለመዝገብ ቤትዎ እንዲመች ነው።

አንደኛ፣ በመጋቢት ወር በአንድ እሑድ ጠዋት ሰዎችዎን ከነአይሱዙአቸው ልከው አርባ አንድ ዕቃ ስላስነሱልኝ አመሰግናለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዕቃዬን ጠዋትና ማታ በጀርባዬ ሳመላልስ መኪና ልኮልኝ የሚያውቅ ባለሥልጣን አልነበረም። የተነገረኝ ምክንያት ለእያንዳንዱ ዕቃ የተገዛበትን ደረሰኝ አላቀረብሽም የሚል ነው። ከዕቃዎቹ አንዱ ሙቀጫ ነበር። እንድሸጥላቸው የሰጡኝ እትዬ የሻረግ ከአያታቸው የወረሱት፣ አያታቸውም ከእናታቸው የወረሱት ሙቀጫ ነው፤ ለእሱ ደረሰኝ መጠየቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሆኑን በትሕትና አስረዳሁ። አጠገቤ ያገለገሉ ድስቶች የምትሸጠው ጀማነሽ ግን እንደ እኔ ትዕግሥት ስለሌላት፣ የሰዎችዎን አለቃ «የለበስከው ሱሪስ ደረሰኝ አለው?» ብላ ጠየቀችው። ሱሪው ደረሰኝ ይኑረው አይኑረው እስካሁን አልታወቀም፤ የጀማነሽ ድስቶች ግን ከእኔ ዕቃ ጋር አብረው ተጫኑ።

ሁለተኛ፣ የነውር ወረቀቶቼን በሙሉ አንድ በአንድ ስላስላጡልኝ። ዕቃዬን ፍለጋ በመጣሁ ጊዜ፣ ወረቀቶቹ «ያለ ፈቃድ የተለጠፉ ማስታወቂያዎች» በመሆናቸው በደንቡ መሠረት እንዲነሱ መደረጉን አንዲት ትሑት ልጅ ነገረችኝ። በዚህ ከተማ ግድግዳ ላይ ስንት ዓይነት ውሸት ተለጥፎ እንደሚውል ከታክሲ ሳልወርድ እቆጥራለሁ። ተፈልጎ የተላጠው ግን «ይህ ራዲዮ ካልመቱት አይናገርም» የሚለው ሆነ።

ሦስተኛ፣ ዕቃዎቼን በጽሕፈት ቤቱ የቴሌግራም ገጽ «ምንም እንከን የሌለባቸው፣ በጥሩ ይዞታ ላይ የሚገኙ» ብለው ለሽያጭ ስላወጡልኝ። ፎቶዎቹ ውብ ነበሩ። ሐናን ናት ያነሳቻቸው። ከኋላቸው የሚታየው መጋረጃ የሳሎናችን መጋረጃ ነው፤ ጥጉ ላይ የተጻፈው ስልክም የእኔ ነው። የእኛን ፎቶ ወስዶ የለጠፈው ባለሙያዎ ስልኩን ማጥፋት ስለረሳ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል የጽሕፈት ቤትዎ የሽያጭ ሠራተኛ ሆኜ ያለ ደመወዝ አገለገልኩ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ? እኔ ደግሞ ሞፈሩን ለሚወስደው የትኛው በኩል እንደተሰነጠቀ እየነገርኩ ሸኘሁ። አንድ ወጣት ከሜክሲኮ ደውሎ «ማዘር፣ ፍሪጁ አለ አይደል? በቃ አሁኑኑ ልምጣ?» ሲለኝ፣ የበሩን ነገር ነገርኩት። «ማለቴ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ነው አልኩት። በመንግሥት ቤት እውነት የነገረኝ የመጀመሪያዋ ሰው ነዎት ብሎ መርቆኝ ስልኩን ዘጋ። በዚህ ሁኔታ የጽሕፈት ቤትዎን ስም ያደስኩልዎ መስሎኝ ሳለ፣ በሳምንቱ «የመንግሥትን ሽያጭ ማደናቀፍ» በሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ማህተሙ ግልጽ ነው፤ ፊርማው አይነበብም።

አራተኛው ምስጋና አይደለም። እዚህ ላይ ቀልዱን ትቼ እንድናገር ይፍቀዱልኝ።

ከተጫኑት ዕቃዎች መካከል አንድ ስቶቭ ነበር። ባለ ሁለት እሳት ነው፤ እግሮቹ አረንጓዴ ናቸው፤ በቀኝ ጎኑ ነጭ ቀለሙ ተልጧል። ይህ ስቶቭ ለሽያጭ አልመጣም። የጎረቤቴ የወይዘሮ ትርሓስ ነበር። ሦስት ወር በላስቲክ ጫማ ቆመው ሲያበስሉበት ምንም አላላቸውም። አንድ ቀን ግን ወለል አጥበው፣ በባዶ እግራቸው እርጥቡ ላይ ቆመው ድስት ሊያወርዱ ሲሉ ነዝሮ ጣላቸው። ቀኝ እጃቸው ለሁለት ቀን ከእሳቸው አልነበረም። እኔ ቤት አምጥተው ሲሰጡኝ ያሉኝ አንድ ቃል ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው። እኔም በዚያ እሑድ ከሸራዬ አጠገብ የኤሌክትሪክ ዕቃ ለሚጠግነው ለዓብዱልሀኪም ወሰድኩለት። ፈታትቶ አየውና፣ የውስጥ ሽቦው ተቃጥሎ ከብረቱ ጋር ተገናኝቷል፣ ይህ አይጠገንም፣ በትኜ ለመለዋወጫ ነው የማደርገው አለኝ። በቀይ እስክሪብቶ «ይነዝራል። አይሸጥም።» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩበት። ዓብዱልሀኪም ሊበትነው ሳይደርስ አይሱዙው ደረሰ።

የማይሸጥ ስለነበር ሐናን ፎቶ አላነሳችውም። ፎቶ ስለሌለው ስለ እሱ የደወለልኝ የለም። ካልመቱት የማይናገረውን ራዲዮ ለሃያ ሰው ሳስረዳ፣ ሰው የሚገድለው ዕቃ ድምፁን አጥፍቶ ሄደ። መዝገብዎ ላይ የተጻፈውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ «ስቶቭ፣ አንድ፣ ደህና» ይላል። በሚያዝያ ወር በአንዱ ቅዳሜ ተሸጧል። ማን ገዛው ብዬ ስጠይቅ የገዢ መረጃ ምስጢር ነው ተባልኩ። እንግዲያው እናንተ ራሳችሁ ደውላችሁ ንገሩት ብዬ ለመንኩ፤ ማመልከቻ አስገቢ ተባልኩ። አስገባሁ። ኃላፊው ሲመለሱ ይታያል ተባልኩ። ክቡርነትዎ፣ ስድስቱንም ጊዜ ያን ፎቅ የወጣሁት ለአርባው ዕቃ አይደለም፤ ለዚህ ለአንዱ ነው።

እፈራለሁ። ይህን ለመጻፍ አላፍርም። ዝናቡ እየመጣ ነው፤ የዚህ ሰፈር ወለል በክረምት እንዴት እንደሚረጥብ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዲት እናት ዛሬ በደረቅ ወለል ቆማ ሽሮዋን እያማሰለች፣ በርካሽ ጥሩ ዕቃ አገኘሁ ብላ ለጎረቤት ታወራ ይሆናል። ያ ስቶቭ የወጣው ከእኔ እጅ ነው። እርስዎ ዘንድ የምስጢር ፋይል ነው፤ እኔ ዘንድ ግን ሰው ነው።

አምስተኛ፣ ባለፈው ሳምንት አስጠርተው የግዴታ ውል እንድፈርም ስላዘጋጁልኝ። ፊት ለፊት ባንገናኝም ወረቀቱ በሚገባ ተተይቧል። ከእንግዲህ በሜዳው እንዳልሸጥ፣ በዕቃ ላይ ምንም ጽሑፍ እንዳልለጥፍ፣ ስለ ስቶቩ በፌስቡክ የጻፍኩትንም «የጽሕፈት ቤቱን መልካም ስም የሚያጎድፍ» በመሆኑ እንዳጠፋ ይላል። ከፈረምኩ ያልተሸጡት ሰባት ዕቃዎች ይመለሱልኛል። ከሰባቱ አንዱ የእትዬ የሻረግ ሙቀጫ ነው፤ ለእሱ ስል ልፈርም ምንም አልቀረኝም ነበር።

አልፈረምኩም። አልፈርምምም። የፊታችን እሑድ ሸራዬን በዚያው ቦታ አነጥፋለሁ፤ በየዕቃው ላይም ነውሩን እጽፋለሁ። ወረቀቱ አነስ ብሎ ለመላጥ አስቸግሯቸው ከሆነ ብዬ በትልቁ እጽፈዋለሁ። አይሱዙው ይምጣ። እኔንም ከነሸራዬ ቢጭኑኝ ቅር አይለኝም፤ ከእርስዎ ጋር ለመገናኘት የቀረኝ መንገድ ይህ ብቻ ይመስለኛል። በመዝገቡ ላይ ሲያሰፍሩኝ ግን «ደህና» ብለው እንዳይጽፉ አደራ፤ እኔም ነውር አለብኝ፤ ዝም በይ ስባል አልሰማም።

ሥራዎ ቀሎ፣ ደረጃው ረግቶልዎ፣ ስምዎም አንድ ቀን በርዎ ላይ ወጥቶ ለማየት እንድበቃ እየተመኘሁ፣ ከዕቃዎቼ ጋር ትዕግሥቴንም ለወሰደው ለተከበረው ጽሕፈት ቤትዎ ያለኝን የማይለካ አክብሮት በድጋሚ እገልጻለሁ።

ከሪማ ዘይኑዲን
ያለ ደረሰኝ የተወለደች፣ ያለ ፈቃድ እውነት የምትለጥፍ የካዛንቺስ ነዋሪ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ሁሉ ለእርስዎ የጻፍኩት መስሎዎት ከሆነ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ስለ ስቶቩ ሦስት ጊዜ በፌስቡክ ብለጥፍ ያየው አሥራ አንድ ሰው ነው፤ ሁለቱ ልጄና እህቴ ናቸው። ባለሥልጣን የሚሸነቁጥ ደብዳቤ ግን አገር ምድሩ እየተቀባበለ እንደሚያነበው ሐናን ነገረችኝ። ማዕረግዎን ከላይ የተዋስኩት ለዚሁ ነው። ለሰው ሲጠቅም ሳየው ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ማንበብ አይጠበቅብዎትም።

በሚያዝያ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ከዚህ ጽሕፈት ቤት አረንጓዴ እግር ያለው ባለ ሁለት እሳት ስቶቭ የገዙ እናቴ፣ ወይም እህቴ፣ ወይም ወንድሜ፤ ድስቱን ይተዉት፣ ይረር። መጀመሪያ ጫማ ያድርጉ። ከዚያ ቆጣሪው ጋ ሄደው ማብሪያ ማጥፊያውን ያውርዱ፤ ሶኬቱን ከዚያ በኋላ ይንቀሉ። ካዛንቺስ መጥተው ከሪማ ቢሉ የማያውቀኝ የለም፤ ወይም ያሉበትን ይላኩብኝ፣ ሌላ ስቶቭ ይዤ እመጣለሁ። እሱ ደህና ነው። አንድ እግሩ ብቻ ያጥራል፤ ከሥሩ ካርቶን አጥፈው ያድርጉለት።