ልብ ወለዳቸውን ችሎት ፊት ያነበቡት ታይፒስት የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው ታይፒስት ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ኅዳር 4 ቀን 1934 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ አራተኛ ልጅ ነበሩ። ይህን የጻፍኩት ባለቤታቸው ነኝ፤ የምታነበው የልጅ ልጃችን ናት። ቀስ ብላ ታንብብ፤ እሳቸው ጥድፊያ አይወዱም ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከቤታቸው አቅራቢያ ባለው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ከትምህርት ሲመለሱ ከአባታቸው የስፌት መኪና አጠገብ ቁጭ ብለው ያገኙትን ልብ ወለድ ሁሉ ያነቡ ነበር። መጨረሻው የተገነጠለ መጽሐፍ ካጋጠማቸው ራሳቸው መጨረሻውን ጽፈው በመርፌና ክር ይሰፉበታል። አንዱን እንዲህ አድርገው ለባለቤቱ ቢመልሱለት ሰውየው ሳይነቃ ለሌላ አውሶታል እየተባለ ይወራል።

በ1953 ዓ.ም. በምርመራ ጽሕፈት ቤት በታይፒስትነት ተቀጠሩ። በ1957 ዓ.ም. ከእኔ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ሥራቸው መርማሪው በእጁ የጻፈውን የተጠርጣሪ ቃል በሦስት ኮፒ መተየብ ነበር። የገጽ ቁጥር አይደረግም፤ የሚፈረመውም የመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ ነው። ምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ሲወጣ እሳቸው በዚያው የጽሕፈት መኪና፣ በዚያው ወረቀት የራሳቸውን ልብ ወለድ ይጽፋሉ። ባልደረቦቻቸው "ደራሲው፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ገደልክ?" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እኔን ግን አላሳቀኝም። የመንግሥት መኪና ነው፣ አንድ ቀን ጣጣ ያመጣብናል እያልኩ ስነዘንዛቸው "ይቺን ምዕራፍ ልጨርስ ብቻ" ይሉኛል። ምዕራፍ ደግሞ አያልቅም።

በ1966 ዓ.ም. አንድ የመጋዘን ዘበኛ መጋዘኑን አቃጥሏል ተብሎ ተያዘ። ማንበብ የማይችል ሰው ነበር። ተኝቼ ነበር፣ እሳቱን አልለኮስኩም ብሎ ቃሉን ሰጠ፤ እሳቸውም ጠዋት ተየቡት። ነገሩ ግን ከልባቸው አልወጣ አለ። ባይተኛ ኖሮስ? የለኮሰው እሱ ቢሆን ምን ብሎ ይናገር ነበር? እያሉ ምሳ ሰዓት ላይ ለልብ ወለዳቸው አንድ ገጽ በዘበኛ አፍ ጻፉ። "ክብሪቱን የጫርኩት እኔ ነኝ" ብሎ የሚጀምር ገጽ ነው። መርማሪው ከምሳ ተመልሶ ሲያጣድፋቸው ያ ገጽ ከእውነተኛው ቃል ጋር ተደርቦ ተሰፋ። ዘበኛውም በመጨረሻው ገጽ ላይ ጣቱን አተመ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ባልደረባቸው "ዘበኛው አምኗል እኮ፤ ደግሞ አነጋገሩ ሲያምር!" አላቸው። ቤት ሲገቡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። "ያ ቃል የእኔ ነው፤ ሰውየው የሚፈረድበት እኔ በፈጠርኩት ወሬ ነው" አሉኝ።

እዚህ ላይ የሚያሳፍረኝን እጽፋለሁ፤ ለልጆቼም ነግሬያቸው አላውቅም። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "አንተ ሰው፣ ማን አየህ? ትንሿ ገና ጡት አልጣለችም። አንተ ስትታሰር ማን ያሳድጋቸዋል?" ብዬ ለመንኳቸው። በሩንም ቆለፍኩ። ቁልፉን ከእጄ አልነጠቁኝም፤ እስክሰጣቸው ድረስ በሩ ሥር ቆመው ጠበቁ።

በመጨረሻ ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም ችሎት ቀርበው ገጹን የጻፉት እሳቸው መሆናቸውን ተናገሩ። ዐቃቤ ሕጉ ግን ዘበኛው መጀመሪያ ክዶ ኋላ አምኗል፣ ታይፒስቱም ሊያስመልጠው የመጣ ወዳጁ ነው ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ማስረጃ ጠየቁ። እሳቸውም የልብ ወለዳቸውን ጥራዝ ከቦርሳቸው አወጡ። በፋይሉ ውስጥ ያለው ገጽ "ከዚያ ወደ ቤቴ ስገባ ሚስቴ" ይልና ይቋረጣል። የእሳቸው ጥራዝ ቀጣይ ገጽ ደግሞ "ምንም ሳትጠይቀኝ እጄን አሸተተች" ብሎ ይጀምራል። ተከሳሹ "ጌታዬ፣ እኔ እኮ ሚስት የለኝም" ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። ከኋላ ወንበር ሆኜ ያልሳቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ዳኛው ሳቁን ጸጥ ካሰኙ በኋላ ወደ እሳቸው ዞረው "ከዚያስ? ሚስትየው ምን አደረገች?" አሏቸው። ሰባት ገጽ አነበቡላቸው።

ዘበኛው በነፃ ተለቀቀ። እሳቸው ከሥራ ተሰናበቱ፤ አልታሰሩም። በኋላም በማተሚያ ቤት በአራሚነት ተቀጥረው ጡረታ እስከወጡበት እስከ 1994 ዓ.ም. አገለገሉ። በእነዚህ ዓመታት ሦስት ልብ ወለዶች አሳትመዋል። እኔ ግን ከዚያ ችሎት ወዲህ የጻፉትን አንዲት መስመር አላነብም ብዬ ምዬ ነበር። መጽሐፎቹን አቧራቸውን እየጠረግሁ እመልሳለሁ እንጂ አልገለጥኩም። ሲጽፉ ባየሁ ቁጥር፣ አሁን ደግሞ ማንን እስር ቤት ያስገቡብን ይሆን እያልኩ ክፍሉን ትቼላቸው እወጣ ነበር። አንድም ቀን አንብቢ ብለው አላስገደዱኝም።

ከሁለት ዓመት ወዲህ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። ዓይናቸውም ደከመ። በመጨረሻው ሳምንት አዲሱን ጽሑፋቸውን ከትራስ ሥር አውጥተው "ዓይኔ እምቢ አለኝ፤ አንቺው አንብቢልኝ" አሉኝ። መሐላዬን አፈረስኩ። ፈርቼ ጀመርኩ፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ መድኃኒታቸውን የምሰጥበት ሰዓት አለፈኝ። በሕይወቴ የመድኃኒት ሰዓት ረስቼ አላውቅም። እሳቸው አዩኝና ፈገግ አሉ።

የካቲት 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ እያነበብኩላቸው ሳለ፣ ገጽ ስገልጥ ቀና ብዬ ባያቸው ዐርፈዋል። ስድስት ገጽ ቀርቶ ነበር። ልጆቼ ይቅር ይበሉኝ፤ እነሱን ከመጥራቴ በፊት እጃቸውን እንደያዝኩ ስድስቱንም ገጽ ድምፄን ከፍ አድርጌ አንብቤ ጨረስኩላቸው።

የሦስት ልጆች አባትና የሰባት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። በሕመማቸው ጊዜ ያልተለያችሁንን ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጭንቀት በሌለበት ያኑርልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ያድለን።