ታያ ወደ በረዶው ስትመለስ

መስከረም 11

ዛሬም ሕፃናቱን በረዶ ላይ መንሸራተት ሳስተምር ዋልኩ። አሥራ ሁለቱም ተራ በተራ ወድቀው ተራ በተራ አለቀሱ። ጉልበቴ አመመኝ። ቤት ገብቼ ድንች ስጠብስ ስልክ ጮኸ። ታያ! የድሮ የበረዶ ሸርተቴ አጣማሪዬ፣ አራት ዓመት ሙሉ ለልደቴ ብቻ ስትደውል የነበረች ሰው…

«ግሌብ፣ ልመለስ ነው። ካንተ ጋር።»

ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ? እሺ አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? ድንቹ አረረ።

መስከረም 19

ከካዛን በባቡር ገባች። በረዶው ላይ ስትወጣ ያልቆመላት ሰው የለም፤ ሁሉም ሥራውን ፈትቶ ያያታል። የጫማችንን ስለት የሚስሉልን ጋሽ ፕሮኮር፣ አራት ዓመት የቆመ መኪና እንኳን አንዴ ካልተገፋ አይነሳም ብለው አሾፉ። ሰምታ ሳቀች። እኔ በሆዴ አዘንኩላት። ምስኪን፣ ምን አስቸኮላት?

ጥቅምት 2

ማዘኔ አሳፈረኝ። ብቻዋን የምትዘላቸው ዝላዮች አንድ በአንድ እየመጡላት ነው። ትወድቃለች፣ ትሳደባለች፣ ትነሳለች። አሠልጣኛችን ኖና ኢሊኒችና ፊታቸው ፈክቶ ሰነበተ። ጥር 21 ማጣሪያ አለ። ዳኞቹ ካሳለፉን ብሔራዊ ቡድን ገባን ማለት ነው። ካላሳለፉን ጫማዬን እሰቅላለሁ ብላለች። ታደርገዋለች።

የቀረን ውርወራው ነው። ወገቧን ይዤ እወረውራታለሁ፣ አየር ላይ ሦስቴ ዞራ በአንድ እግሯ ታርፋለች። ከአራት ዓመት በፊት ዳሌዋ የተሰበረውም በሱ ነው። የዚያን ቀን ድምፅዋ… በቃ፣ አልጽፈውም።

ጥቅምት 8

ስድስት ጊዜ ወረወርኳት። ስድስቴ ወደቀች።

ጥቅምት 9

አምስት። ከበረዶው ዘግይቼ ስለምነሳ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለችኝ። አይዞሽ፣ ይመጣል አልኳት። እኔ ነኝ አጽናኝ!

ጥቅምት 22

ከልምምድ በኋላ ኖና ኢሊኒችና አስቀሩኝ። የቀረጹትን ቪዲዮ ቀስ አድርገው እያስኬዱ፣

«እጅህን እይ» አሉኝ።

አየሁ። ታያ በሰዓቷ ተነስታለች። ጣቶቼ ግን ገና ወገቧ ላይ ናቸው። ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው፤ ይበቃል፣ ዙሩን ይገድልባታል። ለካ የምጥላት እኔ ነኝ።

እኔ እኮ አንድ ቀን ከበረዶ ርቄ አላውቅም አልኳቸው። ለመጨረሻ ጊዜ ሰው የወረወርኩት መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። እሷን ነው። ያን ዕለት። ከዚያ ወዲህ የያዝኩት የሕፃናት እጅ ብቻ ነው። እንዴት እስከዛሬ አላሰብኩትም?

ጥቅምት 27

አርባ አምስት ኪሎ አሸዋ በከረጢት ሞልቼ ስወረውር ዋልኩ። ከረጢቱን በሰዓቱ እለቀዋለሁ። ጋሽ ፕሮኮር፣ በቃ ቀሚስ አልብሰሃት ከሷ ጋር ማጣሪያ ግባ አሉኝ። አሳቁኝ። ወዲያው ታያን ያዝኩ። እጄ አልታዘዝ አለኝ። የራሴ እጅ!

ኅዳር 3

ነገርኳት። ምሳ ላይ፣ የአጃ ገንፎዋን እየበላች። ማንኪያዋን እንኳን አላስቀመጠችም።

«አውቃለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን ጥፋቱ የኔ ነው አልሽ?»

«ትለምደዋለህ ብዬ ነዋ።»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸችም። ስትነሳ ቀሚሷ ገለጥ ሲል አየሁ፤ ጉልበቷ በልዞ ጠቁሯል።

ኅዳር 6

ኖና ኢሊኒችና ቢሮ ገባሁ። ለሳቭሊ ስጧት አልኩ። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ አጣማሪው ባለፈው በጋ አግብታ ስለተወችው ብቻውን ይንሸራተታል። ክንዱ ጠንካራ ነው። ደግሞ ማንንም ጥሎ አያውቅም።

«አስበህበታል?» አሉኝ።

አላሰብኩበትም። ባስብበት አልናገረውም ነበር።

ኅዳር 8

ታያ አታናግረኝም።

ኅዳር 24

ዛሬ ሳቭሊ ወረወራት። ቆመች። እኔ የአንዷን ሕፃን ጫማ እያሰርኩ ነበር፤ አጥብቄባት አለቀሰች።

ታኅሣሥ 19

ቆማ ሰላም አለችኝ። ሳቭሊ አየር ላይ ከፍ ያደርገኛል፣ ግን ሲንሸራተት ይከብዳል፣ እንዳንተ አይደለም አለች። ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ራሱ አናደደኝ።

ጥር 21

ማጣሪያው ዛሬ ነበር። ተመልካች ሆኜ ላይ ተቀመጥኩ፤ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም፣ ለካ ይበርዳል። አጠገቤ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ከፔርሙዝ ሻይ ይጠጣሉ። ለኔም ቀዱልኝ።

ታያና ሳቭሊ በአራተኛ ተራ ወደ በረዶው ወጡ። ማንሳቱ አማረ። ዝላዩ አማረ። ከዚያ ለውርወራው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመሩ። ወገቧን ሲይዛት ዓይኔን ጨፈንኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ… ከዚያ ጭብጨባ። ረጅም ጭብጨባ።

«ልጄ» አሉኝ ሴትዮዋ ቀስ ብለው፣ «በእግሯ ቆማለች እኮ። እጄን ልቀቀኝ።»