ሙሴ ላንሲዮል የሚባል ሰው የለም

አሰበ ተፈሪ፣ የካቲት ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ውድ እህቴ ብርነሽ፣

አርባሽ ትናንት ወጣ። በሕይወት ሳለሽ ሳልነግርሽ የቀረሁትን ዛሬ ልጽፍልሽ ተቀምጫለሁ።

አንድ ቀን የሳይንስ ደብተርሽን ይዘሽ መጣሽና፣ "ወንድም ጋሼ፣ ላንሲዮሌት የሚባለው ቅጠል ምን ዓይነት ነው? ቃሉስ ከየት መጣ? መምህር አጥናፉ ነገ ይጠይቁናል" አልሽኝ። አላውቀውም ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ የስምንተኛን አላውቅም ማለት አሳፈረኝ። "ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ የነበረ ፈረንሳዊ ነው፤ ሙሴ ላንሲዮል ይባላል። ቅጠሉን መጀመሪያ ያገኘው እሱ ነው" አልኩሽ።

አመንሽኝ፤ ጻፍሽውም። በማግስቱ ተነሥተሽ እንደዚያው ስትመልሺ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህር አጥናፉ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከፍ አድርገው፣ "የሰው ስም አይደለም። ከላቲን የመጣ ነው፤ ትንሽ ጦር ማለት። ይኸው፣ ከግርጌው ሰፋ ብሎ ወደ ጫፉ ይሾላል። ለመሆኑ ያን ማን ነገረሽ?" አሉሽ።

"ራሴ ነኝ ያሰብኩት" አልሽ።

የክፍልሽ ልጅ ዓሊዩ ሳምንቱን ሙሉ በገበያው መንገድ፣ "ብርነሽ! ሙሴ ላንሲዮል ሰላም ብለውሻል!" እያለ ሲከተልሽ ከጎንሽ ነበርኩ። ትንፍሽ አላልኩም። ቤት ስንደርስ፣ "አይዞህ፣ አልናገርብህም" አልሽኝ። ይቅርታ ልጠይቅሽ አፌን ከፈትኩና ውሃ ጠጣሁ።

ብዙም ሳይቆይ ንዳዱ ጣለሽ። በአምስተኛው ቀን ወሰደሽ።

ለቅሶሽ ላይ እማዬ ቀሚስሽንና ደብተርሽን ድንኳኑ መካከል አስቀመጠች። ዓሊዩ ገብቶ ደብተሩን ሲያይ እግሯ ላይ ወደቀ።

"እናቴ፣ ስቄባታለሁ፤ አፉ በሉኝ!"

"ተነሥ ልጄ፣ ልጅ አይደለህ? ምን ታደርግ!" ብላ አቀፈችው።

እሱ ለሳቁ ይቅርታ ሲለምን፣ ያሳቅሁብሽ እኔ ከጥግ ቆሜ አየሁ።

ዛሬ ጠዋት ግን መምህር አጥናፉን አስፈቅጄ ክፍላችሁ ገባሁ። "ለብርነሽ ያን የነገርኳት እኔ ነኝ። አላውቅም ማለት አፍሬ ዋሸኋት" አልኩ። ዓሊዩ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ "ለእሷስ ነግረሃታል?" አለኝ።

ከክፍሉ ወጥቼ በቀጥታ ቤት ገባሁና ይህን ደብዳቤ ጀመርኩልሽ።

እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ለእሷም እነግራታለሁ። ካንቺ ቀድማ እንድትሰማ ግን አልፈለግሁም።

ያፈረብሽ ሳይሆን በራሱ ያፈረ ወንድምሽ፣
ሞገስ