ባዶ የተውኳቸው ሦስት መስመሮች

ውድ እትዬ፣

ይህን ከመጻፌ በፊት ሦስት ጊዜ ስልክ ደውዬልዎ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሳያነሱት ዘግቼዋለሁ። ድምፅዎን ብሰማ ወይ አለቅሳለሁ ወይ እዋሻለሁ ብዬ ፈራሁ። መዋሸቱ ደግሞ እስካሁን የዋሸሁት ይበቃኛል። በዚህ ሳምንት ወይም በሚቀጥለው ከሙያ ፈቃድ ቦርዱ አንድ ፖስታ ይደርስዎታል። እሱን ከመክፈትዎ በፊት ነገሩን ከራሴ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ ይኸው ጻፍኩልዎ።

ራጅ ክፍል የገባሁበትን የመጀመሪያ ቀን ያስታውሱ ይሆን? ዲፕሎማዬን በፕላስቲክ አስለብጬ፣ መታጠፊያው ገና ያልጠፋ ነጭ ጋዋን ለብሼ መጣሁ። እርስዎ ያንን ከባድ የጨረር መከላከያ ሽርጥ እንደታጠቁ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «በል ዲፕሎማው፣ ይህን ጉልበት አንሳልኝ» አሉ። አልጋው ላይ የተኙት ሽማግሌ የተባሉት እሳቸው መስሏቸው ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሽቅብ አነሱት። «አባባ፣ እርስዎን አይደለም፤ እሱ ራጅ ያንሳው ማለቴ ነው» ሲሏቸው ሽማግሌው ራሳቸው ሳቁ። እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ። ማሽኑን በመጽሐፍ እንጂ በእጄ አላውቀውም ነበር። ኮሌጃችን የነበረው አንድ ማሽን ከተበላሸ ሁለት ዓመት አልፎት፣ በዙሪያው ቆመን መምህሩ «እንግዲህ ይህ ቢሠራ ኖሮ…» እያለ ሲያስረዳን ነው የተመረቅነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ እርስዎ ግን በአንድ እይታ ገባዎት። ሽማግሌው እንደወጡ በሩን ገጠም አድርገው «አይዞህ፣ ማንም ሲወለድ አያውቅም» አሉኝ።

እርስዎ ዲፕሎማ አልነበረዎትም። የዘጠኝ ወር ሥልጠናና የሃያ ሦስት ዓመት እጅ ግን ነበረዎት። ታካሚው ሁሉ «እትዬ ትንፋሽ» ይልዎት ነበር፤ «ትንፋሽ ሳብ… ያዝ… እንዳትለቅ… በቃ፣ ልቀቅና ኑር!» ስለሚሉ። የሚያለቅስ ሕፃን እንዴት እንደሚያዝ፣ የተሰበረ ክንድ ሳያሳምሙ እንዴት እንደሚዞር፣ ወፍራም ሰው ሳይሸማቀቅ ጨረሩን እንዴት መጨመር እንደሚቻል ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። «እጅህ ከመድረሱ በፊት አፍህ ይድረስ፤ ሰው ምን ልታደርገው እንደሆነ ሳያውቅ አትንካው» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። ደረቱ በአንድ ጎኑ ውሃ የቋጠረ አንድ አናጢ በአልጋ እየተገፋ ገባ፤ እርስዎ ምሳ ወጥተዋል። ሌላውን ሰው አቁመን፣ ጀርባውን ሰጥቶን ነው ደረቱን የምናነሳው። እሱ መቆም ስላቃተው በጀርባው እንደተኛ ከፊት ለፊት አነሳሁት። ቀኝ መሆኑን የምታመለክተውን ትንሿን የብረት ፊደል ግን፣ ልክ ጀርባውን እንደሰጠኝ ሰው፣ በራሴ ቀኝ በኩል ለጠፍኳት፤ ያ ግን የእሱ ግራ ነበር። ሐኪሙ ፊልሙን አምኖ መርፌውን በደህናው ጎን ሰካው። ደህናው ሳንባ ተበሳና ተኮማተረ። ሰውየው በእግዜር ቸርነት ተረፈ እንጂ፣ ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ዋለ።

ዳይሬክተሩ ሁለታችንንም አስጠርቶ «ማን ነው ያነሳው?» አለ። ያቺን አንዲት አፍታ እስከዛሬ በልቤ እየመለስኩ አያታለሁ፤ «እኔ» ለማለት ይበቃ ነበር። እርስዎ ቀደሙኝ። «እኔ ነኝ» አሉ፣ ልክ የሻይ ሰዓት መድረሱን እንደሚናገር ሰው። ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ክንድዎን ያዝኩ።

«እትዬ፣ ምን አደረጉ?»

«ዝም በል። አንተ ዛሬ ብትባረር ዳግመኛ ማሽን የሚያስነካህ የለም። እኔን በዚህ ዕድሜዬ አንድ የማስጠንቀቂያ ወረቀት አይገድለኝም። ግን ስማኝ፤ ከእንግዲህ ፊደሏን ከመለጠፍህ በፊት ሰውየውን ጨብጠው። የሚሰጥህ እጅ ቀኙ ነው።»

ሙከራዬን ጨረስኩ። በሁለተኛው ዓመት ለሙያ ፈቃድ ፈተና ተመዘገብኩ፤ ቅዳሜና እሁድ የኔን ተራ እየሸፈኑ «ሂድ አጥና፣ ዓይኔ ሥር አትቁም» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። አለፍኩ። ማመልከቻው ውስጥ «በታካሚ ላይ ጉዳት ያደረሰ ስሕተት ፈጽሜ አላውቅም» የሚል ቃል ላይ ስፈርም እጄ ትንሽ ዘገየ፤ ቢሆንም ፈረምኩ። የክፍል ኃላፊ መሆን የሚችለው ፈቃድ ያለው ብቻ ነው ሲባል፣ አስተማሪዬ ተቀምጣ ተማሪዋ አለቃ ሆነ። ኬክ የገዙልኝ እርስዎ ነበሩ። «እንግዲህ አለቃዬ፣ ፈቃድ ስጠይቅ እንዳታስቸግረኝ» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁት።

በአራተኛው ዓመት ደንቡ መጣ፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ከመጪው ዓመት ጀምሮ ማሽን አይነካም። ለፈተና ለመቀመጥ ደግሞ የትምህርት ማስረጃ ከተማሩበት ቦታ ታትሞ መምጣት አለበት። የእርስዎ ማሠልጠኛ ከተዘጋ ዘመን አልፎታል። ሄደው አይተውት ሲመለሱ የነገሩኝን አልረሳም፤ «የቤት ዕቃ መሸጫ ሆኗል። ሶፋ ልግዛና ከደረሰኙ ጋር ሰርተፊኬቴን አባሪ ያድርጉልኝ ልበል?» ሳቅን። ከዚያ ስምንት ወር ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ አየሁ። አንዱ «ነገ ይመለሱ» ሲል፣ ሌላው «ይህ የኛ ሥራ አይደለም» ሲል፣ መዝገብ ቤት ያለው ሰውዬ ፈቃድ ላይ ነው ሲባል። በመጨረሻ የሠልጣኞች ዝርዝር ከአንድ አቧራማ ሳጥን ውስጥ ተገኘ። ስምዎ በአንድ ፊደል ተሳስቶ ስለነበር ያንኑ ለማስተካከል ሌላ ወር ፈጀ። አንድም ቀን ሥራ ላይ አላረፈዱም።

የቀረው የእኔ ቅጽ ብቻ ነበር። የክፍል ኃላፊው ሞልቶ፣ በፖስታ አሽጎ፣ በቀጥታ ለቦርዱ የሚልከው። የሚያውቁትን የምርመራ ዓይነት ሁሉ በደስታ ሞላሁ፤ ቦታው አልበቃ ብሎኝ ጠርዙ ላይ ጻፍኩ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ እንዲህ ይላል፤ «አመልካቹ በሥራ ስሕተት ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ያውቃል? ከሆነ ሁኔታውን ያብራሩ።» ሥሩ ሦስት ባዶ መስመር አለ።

እትዬ፣ ቅጹ መሳቢያዬ ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ተቀመጠ። በየጠዋቱ «ቅጹስ?» ይሉኛል፤ «ዛሬ ነገ» እላለሁ። ሦስቱን መስመር ለመሙላት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ ስሕተቱ የእርሷ አይደለም፣ የእኔ ነው። ያቺ ዓረፍተ ነገር ግን የእኔን ፈቃድ፣ ወንበሬን፣ የፈረምኩትን ቃል ሁሉ ይዛ ትሄዳለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ማስገቢያው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩና መስመሮቹን ባዶ ትቼ ፖስታውን በምራቄ አሸግኩት። «አልዋሸሁም እኮ» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ማስጠንቀቂያው ተሰጥቷል፤ እውነት ነው። እንዲህ ዓይነቱን እውነት የሚናገር ሰው ከውሸታም ይብሳል። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ማለት እኔ ነኝ።

መልሱ ሲመጣ ይዘውት ወደ ቢሮዬ መጡ። ቆመው ጮክ ብለው አነበቡልኝ፤ «በማኅደርዎ ባለ፣ በታካሚ ላይ ጉዳት ባደረሰና ባልተብራራ ስሕተት ምክንያት ማመልከቻዎ ተቀባይነት አላገኘም።»

«ያልተብራራ ማለት ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ እትዬ፤ የእነሱ አጻጻፍ ነው» አልኩ።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ያ ስንት ፊልም ላይ ስንት ስብራት ያገኘ ዓይን ነው፤ እኔን ማንበብ አያቅተውም። ወረቀቱን በአራት አጠፉት። «እሺ» አሉ። «ሁለት ሰው ወረፋ ቀርቷል፤ እነሱን ልጨርስ።» ሄደውም ጨረሱ። ከግድግዳው ማዶ «ትንፋሽ ሳብ… ያዝ…» ሲሉ እሰማ ነበር። ድምፅዎ አልተለወጠም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ደንቡ ሲጸና ወደ ካርድ ክፍል አዘዋወሩዎት። ደንበኞችዎ በመስኮቱ አጎንብሰው «ምነው እዚህ?» ሲሉዎት «ዕድገት ነው» ይሏቸው ነበር አሉ። አሉ የምለው እኔ በዚያ መስኮት ስለማላልፍ ነው። ጠዋት ጠዋት በጀርባ በር፣ በልብስ ማጠቢያው በኩል እየዞርኩ ነበር የምገባው። ሥራውን ትተው ሲወጡ፣ በሽኝትዎ ዕለትም ስብሰባ አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ስብሰባ አልነበረም። ቢሮዬን ከውስጥ ቆልፌ ጭብጨባውን አዳመጥኩ። አሁን በወንድምዎ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ፎቶ ኮፒ እንደሚያነሱና «ያው ነው፤ እዚህኛው ትንፋሽ ማስያዝ የለውም እንጂ» እንደሚሉ ሾፌራችን ነገረን። ሁሉም ሳቀ። እኔ ተነስቼ ወጣሁ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል። ከአራት ወር በፊት ያ አናጢ መጣ። ትከሻውን አሞት ነው። መጀመሪያ አላወቅኩትም፤ እሱ ነው ዙሪያውን ቃኝቶ የጠየቀኝ።

«ያቺ ሴትዮ የለችም?»

«የትኛዋ?»

«በተሳሳተው ጎኔ የተወጋሁ ጊዜ፣ እኔ ራሴን ሳላውቅ ራጁን ያነሳችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ አልጋዬ ድረስ ትመጣ ነበር። ‹ይቅር በለኝ፤ ከእኛ ክፍል በወጣ ስሕተት ነው› ትለኝ ነበር። ሐኪሙ እንኳ ዓይኔን ማየት ፈርቶ፣ እሷ ፊቴ ቆመች።»

ይህን አላውቅም ነበር። አንድም ቀን አልነገሩኝም። ጥፋቱን ብቻ ሳይሆን ይቅርታውንም ለእኔ ተሸክመውልኝ ኖረዋል። ትከሻውን አነሳሁት። ስጨርስ ከፊቱ ቆሜ «ያኔ ያነሳሁህ እኔ ነበርኩ» አልኩት።

«እሷስ ታዲያ ጥፋቱን ለምን ወሰደች?» አለ ሰውየው።

«እንዳልባረር ብላ ነው።»

«አሁን የት ነች?»

«ከሥራ ወጥታለች። በእኔ ምክንያት።»

ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት በደህናው እጁ አስቆመኝ። «የእኔን ይቅርታ ለሷ ሰጥቻታለሁ፤ ሁለት ጊዜ አይሰጥም። ይልቅ ሸሚዜን አቀብለኝ።»

በማግስቱ ለቦርዱ ጻፍኩ። ሦስት ሆነው አስጠሩኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፊደሏን፣ ዳይሬክተሩ ፊት ዝም ማለቴን፣ የፈረምኩትን የሐሰት ቃል፣ ሦስቱን መስመር። ከመካከላቸው አንዷ አረጋዊት መነጽራቸውን አውልቀው «አምስት ዓመት ሙሉ ምን ስትጠብቅ ነበር?» አሉኝ።

ፈቃዴ ለአንድ ዓመት ታግዷል። ኃላፊነቱም ለሌላ ተሰጥቷል። ዕቃ ግምጃ ቤት ጓንትና ፋሻ አድላለሁ፤ ባለቤቴም ሁሉን ሰምታ ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ በሦስተኛው «ለእሷ ጻፍክላት?» አለችኝ። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም። አዝነው ደውለው ያጽናኑኝ ይሆን ብዬ እፈራለሁ፤ እርስዎ ደግሞ ያደርጉታል። እባክዎ አያድርጉት።

ፖስታው ውስጥ የሚያገኙት ይህን ነው፤ ማስጠንቀቂያው ከማኅደርዎ ተሰርዟል፤ ለሚቀጥለው ፈተና እንዲቀመጡ ተፈቅዶልዎታል። እስከ ፈተናው የቀረው ሰባት ሳምንት ነው። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፤ ሁለት መቶ ጥያቄ በባዕድ ቋንቋ። ከጥያቄዎቹ እጅዎ የማያውቀው የለም፤ አፍዎ የማያውቀው ስሙን ብቻ ነው። እርስዎ «ጥላው ፈዘዘ» የሚሉትን እነሱ ባለ አራት ክፍል ቃል ይሉታል። ስለዚህ በአንድ በኩል የእርስዎን አነጋገር፣ በሌላ በኩል የእነሱን እያደረግኩ ሦስት ደብተር አዘጋጅቻለሁ። በሾፌራችን እጅ ይደርስዎታል። የእኔን እጅ ጽሑፍ ማየት ይቀፍዎት ይሆናል ብዬ፣ አዲሷ የራጅ ባለሙያ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በራሷ እጅ ገልብጣቸዋለች። ስሜ የትም ላይ የለም። ይህን ደብዳቤ ይቅደዱት፤ ደብተሮቹን ግን ያጥኗቸው።

ተማሪዎ