ጀልባህን ከውኃ ያወጣን ዕለት

ግርማዬ፣

ከተለየኸኝ ዛሬ ሠላሳ ሦስት ቀን ሆነ። ሱቁን በሰዓቱ እከፍታለሁ። በርበሬውም ሽሮውም በየመደርደሪያው ነው፤ ደንበኞች እጄን ይዘው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይሉና የመጡበትን ገዝተው ይሄዳሉ። ልጃችን ሜላት ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፤ የራሷን ቤት ትታ ግን እዚህ ነው የምታድረው። ወንበርህን ማንም አላነሳውም። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የየቀኑን እንደምጽፍ ታውቃለህ። ካለፈው እሑድ ወዲህ ግን ብዕሩን ይዤ እቀመጣለሁ እንጂ አንድ መስመር አልወጣልኝም። ስለዚህ ላንተ ልጻፍ አልኩ።

መጀመሪያ የደበቅኩህን ልናገር። እናትህ በመጋቢት ሲያርፉ አንተ ከልብ ሕመምህ ገና እያገገምክ ነበር፤ ሐኪሙም የሚያስደነግጥ ነገር እንዳትሰማ አስጠንቅቆናል። ከጋሽ ዘለቀ ጋር መከርኩ፤ ምፅዋ የባሕር ኃይል አለቃህ፣ ቶሮንቶ ደግሞ እንደ ታላቅ ወንድምህ ናቸውና። ጀልባህ ውኃ ላይ እያለች መርዶ ከሰማህ ብቻህን ሸራ ዘርግተህ ትሄዳለህ ብለን ፈራን። በመስከረም መጨረሻ ዓርብ ጀልባዋ ትውጣ፣ ቅዳሜ ንጋት ሽማግሌዎች መጥተው ይንገሩህ ተባለ። እስከዚያ የስልክ ካርድ ይዘህ ልትደውልላቸው ስትነሳ «ጠበል ሄደዋል፣ እዚያ ስልክ የለም» እልህ ነበር።

አንተ ግን ረቡዕ ንጋት ከእንቅልፍህ አልነቃህም። ቅዳሜ ለእናትህ መርዶ የጠራኋቸው ሽማግሌዎች ረቡዕ ላንተ ለቅሶ መጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚከነክነኝ አንድ ነገር ነበር፤ «እናቱን ሳያለቅስላቸው ሄደ፣ ያስቀረሁበትም እኔ ነኝ» የሚል።

ባለፈው እሑድ፣ በረዶ ሳይቀድመን ጀልባዋን እናውጣ ብለን እኔ፣ ሜላትና ጋሽ ዘለቀ የጀልባውን ተጎታች ከመኪናው ኋላ አስረን፣ ከስካርቦሮ ገደሎች ሥር ወዳለው የጀልባ ማውጫ ራምፕ ወረድን። «ውኃው በተጎታቹ ጎማ መሸፈኛ ላይ የቀባሁትን ቀይ መስመር ሲነካ ቁሚ» ትለኝ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ መኪናውን ወደ ኋላ የነዳሁት እኔ ነኝ፤ ግን እቆም የነበረው ውኃው ውስጥ ሆነህ እጅህን ስታነሳ አይቼ እንጂ መስመሩን አይቼ አልነበረም። አሁን እጅ የሚያነሳ የለም። አልፌ ገባሁ። ሜላት «ማሚ ስቶፕ አድርጊ፣ ቱ ዲፕ ነው፣ ጠልቋል» ስትል ጀልባዋ ከተጎታቹ በላይ ተንሳፍፋ ወደ ጎን ዞራ ነበር፤ ከሆዷ ሥር ያለው ክንፍ ተጎታቹ ላይ ካለው መቀመጫው ርቋል።

ጋሽ ዘለቀ ገመዱን ጨብጠው «በተጎታቹ የገመድ መሳቢያ ጎትተን እናስተካክላታለን፤ እኔ መርከብ ያስጠጋሁ ሰው ነኝ» አሉ።

«መርከቡን ተጎታች ላይ ጭነውት አያውቁም፣ ጋሽዬ» አልኳቸው። ከቀብርህ ወዲህ ሲሥቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

የተጣመመ ጭነት አውርዶ እንደገና ይጫናል እንጂ ተጎትቶ አይቃናም፤ ይህን መርካቶ ነው የተማርኩት። ጀልባዋን ወደ ውኃው መለስናት። መኪናውን ወደ ፊት ሳብኩ፣ እንደገና ወደ ኋላ ገባሁ፣ ውኃው ቀዩን ሲነካ ቆምኩ። ጋሽ ዘለቀ ከኋላ ገመዱን ይዘው ቀጥ አደረጓት፤ ሜላት መሳቢያውን አዞረች፤ ክንፉ ቦታው ገባ፣ አፍንጫዋ የፊቱን ላስቲክ ነካ። አሰርናትና ቀስ ብዬ ይዣት ወጣሁ። መኪና ማቆሚያው ላይ አቁመን ቡሽዋን ነቀልን፤ የቋጠረችው ውኃ ሁሉ ወረደ።

ከዚያ የሸራውን ምሰሶ አወረድን። ጫፉ ላይ አንተ ያሰርካት ያቺ ጨርቅ ነበረች። በግንቦት ምሰሶውን ስታቆም «ነፋሱን ታሳየኛለች» ብለኸኝ ነበር። እጄ ላይ ስትደርስ ግን ለለቅሶ የምታስራት ጥቁር ከረባትህ ሆና አገኘኋት፤ ያቺ አንተን ለመጨረሻ ጊዜ ስናለብስህ ቁም ሳጥኑን ገልብጬ ያጣኋት። ፀሐይ ቡናማ አድርጓታል። በጀርባዋ በነጭ ቀለም፣ በገዛ እጅህ ጽሑፍ፣ «እማዬ። መጋቢት።» ይላል።

አስፋልቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

ጋሽ ዘለቀ መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አድርገው አነበቡት። «እኛ ስንሸውደው፣ ለካ እሱ ነው የሸወደን» አሉና ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። ሜላት «ሂ ኒው? ያውቅ ነበር?» አለች። «ሰመሩን ሙሉ?»

ማን እንደነገረህ አላውቅም። ግን ግንቦት ላይ ስለ እናትህ መጠየቅ ተውክ፤ እኔም አመነኝ ብዬ ደስ አለኝ። ዋጋ ሳይከራከር እሺ የሚል ገዢ አንድ ነገር እንደሚያውቅ ሃያ ዓመት ስነግድ አይቻለሁ፤ በቤቴ ግን አልገባኝም። ሐዘንህን ጀልባዋ ምሰሶ ላይ ከአናቴ በላይ ሰቅለህ፣ ከሥሩ አስቀምጠኸኝ፣ «አስቴር፣ ሻይ ቅጂልኝ» ትለኝ ነበር። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እኔ እንዳላፍር እንደ አዲስ ልትደነግጥ ነበር?

ከረባቷን አላጠብኳትም። በግንቦት ጀልባዋን ሳወርድ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፤ ከእናትህ ስም ሥር ያንተን እጽፋለሁ። ሰው ምንድን ናት ብሎ ሲጠይቀኝ የነፋስ ማሳያ ናት አልልም። የእናትና የልጅ ናት እላለሁ፤ በየዓመቱ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ።

አሁን የቀረብኝን ልጨርስ። ሊነጋ ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወንበርህ ፊት ተቀምጫለሁ።

ግርማዬ፣ እናትህ እማማ ብዙነሽ ዐርፈዋል። እግዚአብሔር ያጽናህ።